«ለንደን ኮሊንግ» እውነት ፓንክ ነው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ «ለንደን ኮሊንግ»፣ ስለ እንግሊዙ የፓንክ ሮክ ባንድ ስለ ዘ ክላሽ ሦስተኛ አልበም፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። በእንግሊዝ የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1979 ነው። አብዛኞቻችሁ «ስልቶችን ቀላቅሎ ፓንክነቱን አጣ» ትላላችሁ። እኔ ጥብቅና እቆምለታለሁ።

ጥያቄ፦ ፓንክ አጭር፣ ፈጣንና ቁጡ ነው። ሬጌ፣ ስካ (ሬጌን የቀደመው ፈጣን የጃማይካ ስልት) እና ሮካቢሊ (የ1950ዎቹ የአሜሪካ ሮክ ኤንድ ሮል) ምን ሊሠሩ ገቡበት?

መልስ፦ ሬጌ ከመነሻውም እዚያው ነበር። የለንደኑ ሮክሲ ክበብ በ1977 ፓንክ ሲያስተናግድ በሸክላ የታተመ ፓንክ ገና ጥቂት ስለነበረ፣ ሸክላ አጫዋቹ ዶን ሌትስ በባንዶቹ መካከል ያለውን ጊዜ በሬጌ ይሞላው ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የዘ ክላሽ የመጀመሪያ አልበምም የጃማይካዊውን የጁንየር መርቪንን «ፖሊስ ኤንድ ቲቭስ» ይዟል፤ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። ቅልቅሉ በ1979 ተጀመረ የሚል ሰው የዚያን ሸክላ ሁለተኛ ገጽ አልሰማም።

ጥያቄ፦ ቢሆንም ከየቦታው የተለቃቀመ ይመስላል። የራሳቸው የሆነው የቱ ነው?

መልስ፦ «ዘ ገንስ ኦቭ ብሪክስተን»ን ያዳምጡ። ቤዝ ተጫዋቹ ፖል ሲመነን ለባንዱ ጽፎ ራሱ የዘፈነው የመጀመሪያ ሥራው ነው። ከካሪቢያን የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩበት የደቡብ ለንደኑ ብሪክስተን ያደገበት ሰፈር ነው። ግጥሙ ፖሊስ በርህን ሰብሮ ሲመጣ እንዴት ትወጣለህ ብሎ ይጠይቃል። ይህን በፓንክ ፍጥነት ቢጮኹት ከጩኸት አያልፍም ነበር። ሬጌው ግን ዜማውን ለቤዙ ይሰጣል፣ ጊታሩ ከዋናው ምት ውጭ ብቻ ይመታል፣ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይቀራል። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ባዶ ቦታ ነው።

«ሮንግ ኤም ቦዮ»ንም ልጨምር። የዘ ሩለርስ የስካ ዘፈን ነው። ስታገር ሊ ስለተባለው ነፍሰ ገዳይ በሚተርከው የቆየ የአሜሪካ ዘፈን ይጀምርና ድንገት ይቆማል፤ የባንዱ ዘፋኝ ጆ ስትረመር ከመጀመሪያው እንደገና እንጀምር ይላል፤ ስካው ይፈነዳል። ስፌቱን ሊደብቁት እንኳ አልሞከሩም፤ ይህ ድፍረት ፓንክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ጥያቄ፦ አንድ ድራም መቺ ይህን ሁሉ ስልት እንዴት ቻለው?

መልስ፦ ቶፐር ሄደን ጃዝና ሶል የሚያውቅ ሰው ነበር። እርሱ ባይኖር አልበሙ አይታሰብም።

ጥያቄ፦ ለገበያ ሲሉ አይደለም?

መልስ፦ 19 ዘፈኖችን በሁለት ሸክላ አድርገው በአንድ ሸክላ ዋጋ አስሸጡ። ገንዘብ የሚያሳድድ ባንድ እንዲህ አያደርግም።

ጥያቄ፦ ደካማ ዘፈን የለውም?

መልስ፦ አለው፤ «ላቨርስ ሮክ»። ስሙን ከአንድ የሬጌ ዘርፍ ወስዶ ሙዚቃውን አልወሰደም። ከቅልቅሉ የሸሸበት ቦታ ላይ ነው የደከመው።

ጥያቄ፦ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ሳያዛቡ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት። ከርዕሱ ዘፈን ቀጥሎ ቪንስ ቴይለር በ1959 ያወጣው ሮካቢሊ ይመጣል፣ ከዚያ «ጂሚ ጃዝ»። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ያው ባንድ መሆኑን የሚነግርዎት የስትረመር ድምፅ ነው።