የካርቱን ልጅ ከተቀመጠበት ሲነሳ ስንት ራስ ይሆናል?

ውድ እህታችን፣ ደብዳቤሽም አያይዘሽ የላክሻቸው ሥዕሎችም ደርሰውኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጠያቂያችን ዘንድሮ በኮምፒውተር ሳይንስ ትመረቃለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ካርቱን ትስላለች። እዚሁ መሃል አዲስ አበባ ላለ አንድ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ለልምምድ አመልክታ «ፊታቸው ደስ ይላል፣ አካላቸው ግን አይያያዝም፤ አናቶሚና ምጣኔ ላይ ሥሪ» የሚል መልስ መጣላት። የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ካርቱን የተጋነነ ሥዕል ከሆነ አናቶሚ፣ ማለትም የአካል አወቃቀር እውቀት፣ ምን ይሠራለታል? ይህ መልስስ ስጦታው የለኝም ማለት ነው?

ሁለተኛውን ቶሎ ልመልሰው፤ አይደለም። ከላክሻቸው ሥዕሎች በአንዱ ሎተሪ አዟሪዋ ሴትዮ ስትስቅ ጉንጯ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ወደ ላይ ገፍቶታል። ይህን ልብ ብሎ የሳለ ሰው ማየት ያውቃል። አካልን ደግሞ ማንም ተወልዶ አያውቀውም፤ በመለካትና ደጋግሞ በመሳል ነው የሚታወቀው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ግን ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ስቱዲዮው ያየብሽ ችግር ማጋነን አይደለምና። የሊስትሮውን ልጅ ውሰጂ። ሳጥኑን አንጠልጥሎ በቆመበት ገጽ ላይ ቁመቱ የራሱ አራት እጥፍ ነው። በሚቀጥለው ገጽ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማ ይቦርሻል። ጭኑን፣ ከጉልበት በታች ያለውን እግሩንና ጀርባውን ለክቼ ደመርኩት፤ ይህኛው ልጅ ቢነሳ ሦስት ራስ እንኳ አይሞላም። ብሩሹን የያዘው ክንዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ ቢወርድ ከጉልበቱ ያልፋል። ሁለት የተለያዩ ልጆች ስለሻል ማለት ነው። ተመልካቹ ለክቶ ባያውቀውም አንድ ነገር ዓይኑን ይቆረቁረዋል።

የአዋቂ ሰው ቁመት የራሱ ሰባት ወይም ሰባት ተኩል እጥፍ ያህል ነው፤ የአንድ ዓመት ሕፃን ወደ አራት ይጠጋል። የአንቺ ገጸ ባሕርይ ሦስትም ሁለት ተኩልም ቢሆን መብትሽ ነው፤ አንዴ ከወሰንሽ ግን ቁጥሩን ጽፈሽ ያዢ፣ ሲቀመጥም ሲሮጥም አትልቀቂው። የመገጣጠሚያዎቹ ቦታም እንደዚሁ ነው። መስታወት ፊት ቆመሽ እጅሽን ዝቅ አድርጊ፦ ክርንሽ ወገብሽ አካባቢ ይውላል፣ የእጅሽ አንጓ ከዳሌሽ ትንሽ ዝቅ ይላል። እጅሽን ፊትሽ ላይ ብትዘረጊው ከአገጭሽ እስከ ፀጉርሽ መነሻ ይደርሳል። ከተረከዝሽ እስከ አውራ ጣትሽ ያለው ርዝመት ከክርንሽ እስከ አንጓሽ ካለው ጋር ይቀራረባል። እነዚህን ካወቅሽ በኋላ መዳፉን ብታገዝፊ፣ እግሩን ብታሳጥሪ አስበሽበት መሆኑ ይታወቃል።

ከሁሉም በላይ እንድትለማመጂ የምፈልገው ግን ደረትና ዳሌን ነው። አመሻሹ ላይ አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፉን እዪ። የደከመው ሰው ሁሉ ክብደቱን አንድ እግሩ ላይ ጥሎ ይቆማል። በዚያ እግር በኩል ዳሌው ከፍ፣ ትከሻው ደግሞ ዝቅ ይላል፤ አከርካሪው በመካከል ይለመጣል። የአንቺ ገጸ ባሕርያት ትከሻና ዳሌ ግን ሁልጊዜ ትይዩ ነው፤ ግትር የሆኑብሽ ለዚህ ነው። ትንሽ ደብተር ያዢና ለአንድ ሰው ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ስጪው፦ መጀመሪያ የአከርካሪውን መስመር፣ ቀጥሎ ደረቱን እንቁላል፣ ዳሌውን ሣጥን አድርገሽ፣ ከዚያ እጅና እግር። ፊት አትሳይ። ፊት ስለሚሳካልሽ ሲጨንቅሽ ወደዚያ ትሸሻለሽ። ላጲስም ቤት ይቅር።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየምም ሂጂ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ፣ ለአንቺ ጥሩ አስተማሪ ናት። የክንዷን አጥንት ከጭኗ አጥንት ጋር አስተያዪው፤ ክንዷ ከእኛ አንጻር ረጅም ነው፣ ዳሌዋ ግን በሁለት እግሩ የሚሄድ ፍጡር ዳሌ ነው። በእኛ ምጣኔ ብትስያት ሌላ ሰው ትሆናለች። ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ውጪና በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ተመልከቺ። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ዓይንን ያገዝፉ ነበር፤ ቅዱሳኑን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹን ብዙ ጊዜ በጎን በአንድ ዓይን ይስሉ ነበር። ሕጋቸውን ከሥዕል ሥዕል እንዴት እንደጠበቁት ልብ በይ።

አሁን ወደ ፖርትፎሊዮሽ፣ ለቀጣሪ ወደምታሳዪው የሥራ ናሙና ስብስብ። ከላክሽው ውስጥ አብዛኛው ፊት ነው፤ ጥቂቱን ብቻ አስቀሪ። በምትኩ አንድ ገጸ ባሕርይ ምረጪና ከፊት፣ ከሩብ ጎን፣ ከጎንና ከኋላ በአንድ ቁመት ሳይው፤ ራስ፣ ትከሻ፣ ወገብና ጉልበት ላይ አግድም መስመር አሳልፊ። ቀጥሎ ሲቀመጥ፣ ሲያነሳ፣ ሲሮጥ፣ ሲጎነበስ አሳዪ። በአኒሜሽን ለአንድ ሰከንድ በአብዛኛው 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያስፈልጋል፤ አንዱን ገጸ ባሕርይም ብዙ እጅ ይስለዋል። ቀጣሪው የሚፈልገው ሌላ ሰው ተቀብሎ ሊቀጥልበት የሚችለውን ወረቀት ነው። ከመላክሽ በፊት እያንዳንዱን ሥዕል ግራና ቀኙን አገላብጠሽ እዪው፤ ወረቀት ከሆነ በጀርባው በኩል መስኮት ላይ አድርገሽ። ያዘነበለ ትከሻ ወዲያው ይጋለጣል።

ስለ ዲግሪሽ «ጊዜዬን አባከንኩ» ያልሽው አሳዝኖኛል። ሪጊንግ የሚባለውን ሥራ አጥኚ፤ ገጸ ባሕርዩን በኮምፒውተር ውስጥ አጥንትና መገጣጠሚያ ሰጥቶ ለእንቅስቃሴ ማዘጋጀት ነው። ክርኑ ቦታውን ከሳተ ክንዱ ሲታጠፍ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ አናቶሚ ይጠይቃል፣ ኮድ መጻፍም በእጅጉ ያግዘዋል። አንቺ አንዱን ይዘሻል፣ ሌላውን ልትይዢ ነው። ማመልከቻሽ ላይ ሁለቱን አብረሽ ጻፊ።

ወረቀቶቹ ሲያልቁ ለዚያው ስቱዲዮ መልሰሽ ላኪ። ስለ ፍላጎትሽ ብዙ አታብራሪ፤ «በሰጣችሁኝ አስተያየት መሠረት ይህን ገጸ ባሕርይ እንደገና ሠርቼዋለሁ» በይና የድሮውንና የአዲሱን ገጽ ጎን ለጎን አያይዢ። ሁለት ሳምንት ጠብቀሽ መልስ ካልመጣ ደውይላቸው።