«ልጄ እትዬ ትለኛለች»፦ ያለፈን ሕይወት ለልጆች ስለ መንገር

ጥያቄ፦ ሳላገባ በ19 ዓመቴ ሴት ልጅ ወለድሁ። እናቴ እንደ ራሷ ልጅ አድርጋ ስላሳደገቻት እኔን «እትዬ» ትለኛለች። በኋላ አግብቼ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልጃለሁ፤ ባለቤቴ ነገሩን ያውቃል። ንስሐ ገብቼ፣ ቀኖናዬን ፈጽሜ ቆርቤአለሁ። አሁን ሦስቱም አድገዋል፤ እርሷም ልትታጭ ነው። ያለፈውን ለልጆቼ ካልነገርኋቸው ንስሐዬ ጎዶሎ ይሆናል?

መልስ፦ እኅታችን፣ «ጎዶሎ» የምትለዋን ቃል ከብዙ እናቶች አፍ ሰምቻታለሁ፤ በሰማኋት ቁጥርም አዝናለሁ። ብዙዎች «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» የሚለውን (ያዕ. 5፥16) ይዘው፣ ቤተሰብ ሁሉ ካልሰማ ሥርየት የማይገኝ ይመስላቸዋል። ሐዋርያው ግን ከዚያ ሁለት ቁጥር ቀደም ብሎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እንዲጠሩ አዝዟል። ጌታም «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ብሎ ሥልጣኑን የሰጠው ለሐዋርያቱ ነው (ዮሐ. 20፥23)። ልጆችዎ የንስሐ አባትዎ አይደሉም። የእናታቸውን ገመና ሰምተው ፈራጅም ፈቺም እንዲሆኑ ማድረግ እነርሱ ሊሸከሙት የማይገባ ሸክም ነው። የተፈታልዎ ተፈትቷል፤ ንስሐዎ ጎዶሎ አይደለም።

ነገር ግን በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። የተናዘዙት ኃጢአትዎን ነው፤ ልጅቱ ግን ኃጢአት አይደለችም። ኃጢአቱ ሲሰረይ የእርሷ እውነት አብሮ አልተሰረዘም። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ «ዳዊትም ከኦርዮ ሚስት ሰሎሞንን ወለደ» ብሎ የሰሎሞንን እናት ነገር ሳይሸሽግ ጽፎታል፤ ዳዊት ንስሐ ስለ ገባ ልጁ የማን እንደ ሆነ አልተለወጠም።

ደግሞም ልትታጭ ነው ብለውኛል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ሲቆጥሩ፣ አያቷን እናት፣ አያቷን አባት ብለው ሊቆጥሩላት ነው። በአባቷ በኩል ያለው ዘር ጨርሶ አይነሣም፤ ሳታውቅ ከሥጋ ዘመዷ ጋር ብትጋባ ተጠያቂው ማን ነው? ስለዚህ ለእርሷ መንገር ምርጫ ሳይሆን ዕዳ ነው፤ ከእጮኝነቱም በፊት መከፈል አለበት። ጌታ መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ያለውም እንዲህ የተበደለ ሰው ላለበት ነው (ማቴ. 5፥23-24)።

አስቀድመው ከንስሐ አባትዎና ከወላጅ እናትዎ ጋር ይመካከሩ፤ ይህን ምስጢር እርሳቸውም ተሸክመው ኖረዋልና። ከዚያ ለብቻዋ ይንገሯት፤ ወንዶቹ ከእርሷ በኋላ፣ በእርሷም ፈቃድ ይስሙ። ማን እንደ ወለዳት ይንገሯት እንጂ እንዴት እንደ ወደቁ አይዘርዝሩላት። ስላሳጧት ነገር ይቅርታ ይጠይቋት፤ ብትቆጣ ወይም ተነሥታ ብትወጣ አይከተሏት፣ በሰው አያስለምኗት። ስትመለስም «እማዬ በይኝ» አይበሏት። እንደ ልማዷ «እትዬ» ብላ ብትጠራዎ፣ እንደ ልማድዎ «አቤት» ይበሏት።