ለኬሞ ታካሚዎች የሚሠራ የክር ኮፍያ፦ ጥያቄና መልስ

ጥ፦ ቤት ውስጥ የተረፈኝ የሱፍ ክር አለ። ለካንሰር ታካሚዎች ኮፍያ ልሥራበት?

መ፦ ለዚህ ሥራስ ይቅርብዎ። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) የጀመረ ሰው ፀጉሩ መርገፍ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ነው። ያኔ የራስ ቆዳው ይቆጣል፤ ትራስ እንኳ የሚያመው አለ። ሱፍ ይኮሰኩሰዋል። ለስላሳ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር)፣ በተለይ የሕፃን ልብስ የሚሠራበት፣ ይሻላል። በመዳፍ ዳስሰው ግን አይፍረዱ፤ መዳፍ ደንዳና ነው። ከጆሮዎ በታች አንገትዎ ላይ ትንሽ ያሹት። ካሳከከ ይተዉት።

ጥ፦ በእጅ የተፈተለ ጥጥስ? እናቴ ትፈትላለች።

መ፦ ለቆዳ ግሩም ነው፤ ቆላ ለሚመለስ ታካሚማ ከአክሪሊክ ይበልጣል። ቀጭን ስለሆነ ሦስት አራቱን ደርበው ይያዙ። ጥጥ ከተለጠጠ በኋላ እንደ አክሪሊክ አይመለስም፤ ስለዚህ ኮፍያውን ትንሽ ጠበብ አድርገው ይጀምሩ። ፈትሉን አስቀድመው በሙቅ ውሃ ነክረው ያድርቁት፤ አለዚያ በመጀመሪያው አጠባ ይኮማተራል።

ጥ፦ ልኩን ስንት ዐይን ልጀምር?

መ፦ ዐይን የምንለው መርፌው ላይ የተንጠለጠለችውን አንዷን የክር ቀለበት ነው። መካከለኛ ውፍረት ባለው ክርና በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ 22 ዐይን ከወጣልዎ፣ ለአዋቂ 112 ይጀምሩ። ዙሪያው 51 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 55 ለሆነ ራስ ሳያጣብቅ ይቀመጣል። ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ 96 ይበቃል። 100 ግራም ክር ለአዋቂው በቂ ነው፤ ይተርፋልም።

መጀመሪያውን ረድፍ በ5 ሚሊ መርፌ ላላ አድርገው ያውጡት። ብዙ ኮፍያ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ጠርዙ ከጠበቀ ግንባር ላይ መስመር ያወጣል።

ጥ፦ አናቱ ሁልጊዜ እንደ ጉልላት ይሾልብኛል።

መ፦ ቅነሳውን እስከ ጫፉ ድረስ በዝግታ ስለሚያስኬዱት ነው። 14 ሳንቲ ሜትር ከሠሩ በኋላ 112ቱን በ8 ይክፈሉ፤ በየክፍሉ 14 ይደርሳል። 12 ሠርተው ሁለቱን አንድ ላይ ይያዙ። ቀጣዩን ዙር ሳይቀንሱ ያልፉታል። ከዚያ 11፣ ከዚያ 10 እያሉ፣ አንድ ዙር እየዘለሉ። 56 ዐይን ሲቀር መዝለሉን ያቁሙና በየዙሩ ይቀንሱ። 8 ሲቀር ክሩን በስምንቱም ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳልፈው ይሰብስቡ።

ጫፉን አይቋጥሩት! ቋጠሮ ባዶ ራስ ላይ እንደ ጠጠር ነው። በውስጥ በኩል 6 ሳንቲ ሜትር ያህል እየጠላለፉ ይደብቁት። በዙር ሳይሆን በሁለት ቀጥ መርፌ የሚሠራም የጎኑን ስፌት ጠፍጣፋ ያድርገው።

ጥ፦ በኪሮሽ ይቻላል?

መ፦ ይቻላል፤ ግን ጥብቅ ኪሮሽ ይደርቃል፣ የዳንቴል ቀዳዳ ያለው ደግሞ የራስ ቆዳውን ያሳያል። ትልቅ ቁጥር ኪሮሽ ይዘው ላላ ያድርጉት። ፖምፖምና ቁልፍ ለትንንሽ ልጆች አይሁን።

ጥ፦ ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ እንዴት ላስረክብ?

መ፦ ሽታ በሌለው ሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁት። ሽቶ፣ ሲጋራ፣ የወጥ ቤት ጭስ ይጠንቀቁ፤ በኬሞ ላይ ያለን ሰው ማንኛውም ሽታ ቶሎ ያውከዋል። እያንዳንዱን በንጹሕ ፕላስቲክ ለብቻው ያሽጉና የክሩን ዓይነትና የራስ ዙሪያ ልኩን በወረቀት ጽፈው ያስገቡበት። ከመውሰድዎ በፊት የክፍሉን ነርሶች ይጠይቁ። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ ከቆላ መጥቶ በአዲስ አበባ ብርድ የሚሰነብት ታካሚ ጥቂት አልነበረም፤ ዛሬም ከሩቅ የሚመጣው ብዙ ነው። ወፍራም ወይስ ቀጭን እንደሚያስፈልግ የሚያውቁት ነርሶቹ ናቸው።