ፓሱ ይወስዳችኋል፤ መመለሻውን ግን አስቢበት

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይኼ ነው፦ ባለቤትሽ ዋሽንግተን አጠገብ ደለስ ኤርፖርት አንድ የአሜሪካ አየር መንገድ ውስጥ ተቀጥሯል፤ የሠራተኛ ፓስ፣ ማለትም ሠራተኛና ቤተሰቡ በርካሽ ወይም በነፃ የሚበሩበትን ፈቃድ፣ አግኝታችኋል። ጥር ላይ አዲስ አበባ የወንድምሽ ሠርግ አለ። ከሁለቱ ልጆች ጋር አራት ናችሁ። ትኬት ከምንገዛ በስታንድባይ፣ ወንበር ሳይያዝልን ተጠባብቀን፣ ብንሄድስ?

ለሠርጉ ትኬት ግዙ። ይህን የምልሽ ፓስ ጠልቼ አይደለም። እዚያው ደለስ ራምፕ (አውሮፕላን የሚቆምበት ሜዳ) ላይ ሻንጣ የምጭን ሰው ነኝ፤ ይህን ሥራ ለዓመታት ሳልለቅ የቆየሁት ለደሞዙ ብዬ እንዳይመስልሽ። ግን ፓስ የሚሆንለት ጉዞ አለ፣ የማይሆንለት ጉዞ አለ። አራት ሰው፣ ጥር ወር፣ ቀኑ የተቆረጠ ሠርግ፤ ሦስቱም ከማይሆነው ወገን ናቸው።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገርሽ። በፓስ የሚሄድ ሰው የሚሳፈረው የከፈለው ሁሉ ገብቶ ወንበር ከተረፈ ነው። በስታንድባዮቹ መካከልም ተራ አለ። ዴልታ አየር መንገድ ላይ ለምሳሌ ቀድሞ የተቀጠረ ይቀድማል፤ አሜሪካን ኤርላይንስ ላይ ደግሞ ቀድሞ ቼክኢን ያደረገ። ባለቤትሽ ገና አዲስ ነው፤ ድርጅቱ በሥራ ዘመን የሚሄድ ከሆነ ሊስቱ ግርጌ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ማታ ሎዱን (በረራው ላይ ስንት ወንበር እንደተያዘና እንደቀረ) አይታችሁ «15 ወንበር ባዶ ነው» ብላችሁ ደስ ብሏችሁ ትተኛላችሁ፤ ሌሊት አንድ ሌላ በረራ ይሰረዛል፣ የዚያ መንገደኛ በሙሉ ወደ እናንተው በረራ ይዛወራል፣ ጠዋት ጌት ስትደርሱ አንድም ወንበር የለም። ነባር ሠራተኛ የቀኑን የመጀመሪያ በረራ የሚመርጠው ለዚህ ነው። ያ ካለፈው ቀኑን ሙሉ ሌላ ይሞክራል። ወደ አዲስ አበባ ግን በቀን ብዙ ምርጫ የለሽም።

ደግሞ የትኛውም የአሜሪካ አየር መንገድ አዲስ አበባ አይበርም። የባለቤትሽ ፓስ እስከ መንገድ፣ ለምሳሌ አውሮፓ ድረስ፣ ቢያደርሳችሁ ነው። የቀረውን በሌላ አየር መንገድ ለመሄድ ዜድ ፌር የሚባለውን ትገዛላችሁ። አየር መንገዶች ለሠራተኞቻቸው እርስ በርስ የተስማሙበት ዋጋ ነው፤ በርቀት ይሰላል፣ ታክሱ ለብቻው ይጨመራል። ርካሽ ነው። ግን በዜድ ስትሄዱ ሰው ቤት እንግዳ ናችሁ፤ የአየር መንገዱ የራሱ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ይቀድሟችኋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ቀጥታ በረራ ከደለስ ለመያዝ ገና ሰሞን የሚመጣውን ሰልፍ አይተሽው ቢሆን አትጠይቂኝም ነበር።

ሰዉ ሁሉ የሚጨነቀው ስለ መሄጃው ነው። እኔ የምፈራው መመለሻውን ነው። ከገና በፊት ወደዚያ የሚሄደው ይጨናነቃል፤ ጥምቀት ካለፈ፣ ሠርጉ ካለቀ በኋላ ደግሞ ያ ሁሉ ዲያስፖራ አንድ ላይ ይመለሳል። በዚህ ላይ ቦሌ አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከደለስ ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ ሄዶ ሲመለስ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳው ለዚህ ነው። ረጅም መንገድ ላለው በረራ ክብደት ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ «ክብደት ሞልቷል» ተብሎ ስታንድባይ ሊቀር ይችላል። እኛ ጭነት የምንሠራው ይገባናል። ጌት ላይ ቆሞ ባዶውን ወንበር ስልኩ ላይ እያየ ለሚቀር ሰው ግን ያበግናል።

እኔና ባለቤቴ አንድ ጊዜ እንዲህ ቀርተን ከነሻንጣችን ወደ እናቴ ቤት ተመለስን። እማዬ ደስታዋን አትጠይቂኝ፤ «እግዜር ነው ያስቀራችሁ» ብላ ዶሮ አሳረደች። እኔ ግን ሰኞ ሥራ መግባት ነበረብኝ። በማግስቱም ሊስቱ አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ወንበሩ የተረጋገጠ የአንድ መንገድ ትኬት ገዝተን መጣን፤ በፓስ ያተረፍነው ሁሉ በዚያች ቀን ተበላ። ስለዚህ ለአራታችሁም የመመለሻ ሙሉ ትኬት የሚገዛ ገንዘብ ካርዳችሁ ላይ ከሌለ በዚህ መንገድ አትውጡ።

ፓስፖርታችሁንም እዩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ካለው ከዚህ ነፃ ነው፤ ነፃ የሆነው ግን ለማለፍ ነው እንጂ ለመግባት አይደለም። ፍራንክፈርት ላይ ቀጣዩ በረራ ሞልቶ ብትቀሩ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ወጥቶ ሆቴል ያድራል፤ ግሪን ካርድ ያለው እዚያው ወንበር ላይ ይጋደማል። ልጆቹ እዚህ ተወልደው እናንተ ገና ዜግነት ካልወሰዳችሁ፣ ልጆቹ መውጣት እየቻሉ እናንተ አትችሉም። ትኬት የገዛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው። ለስታንድባይ ግን መቅረት የጉዞው አካል ነው፤ ስለዚህ የትም ከተማ ላይ ብቀር የት አድራለሁ የሚለውን ከቤት ሳይወጡ መመለስ ያስፈልጋል።

ልጆች ሲኖሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የጌት ሠራተኛዋ «ሁለት ወንበር አለኝ፣ ትሄዳላችሁ?» ትላለች፤ ለማሰብ የምትሰጥሽ ጊዜ ደቂቃ አይሞላም። ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ቀድማችሁ ካልተስማማችሁ እዚያው ትጣላላችሁ። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ቅያሪ ልብስ፣ ቻርጀር በሁለት ቦርሳ ተከፍሎ ይያዝ። ሻንጣ ባታስጭኑ ይሻላል። ግን የኛ ሰው ያለ ሻንጣ አገር ቤት ይሄዳል? ለሙሽሮቹ ስጦታ፣ ለአክስት ጫማ፣ ለጎረቤት ቫይታሚን፤ ስትመለሺ ደግሞ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቅቤው። በስታንድባይ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ጌት ለጌት መዞር ራሱን የቻለ ቅጣት ነው።

ልብሳችሁም ደህና ይሁን። በ2017 ዴንቨር ላይ ሁለት ልጃገረዶች በሠራተኛ ፓስ ዩናይትድ ሊሳፈሩ ሲሉ ሌጊንስ (ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ሱሪ) ለብሳችኋል ተብለው ተከልክለው ዓለም ሁሉ ሲነጋገርበት ነበር። ጌት ላይ መጨቃጨቅ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ የሚጠየቀው ባለቤትሽ ነው፤ ፓሱም ሊታገድበት ይችላል።

ይህን ሁሉ ብዬ «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» እንዳትዪኝ። የትኬት ዋጋ መሄጃው ሲቃረብ ሰማይ ይነካል። የፓስ ዋጋ ግን ዛሬ ማታም ያው ነው፣ ከስድስት ወር በኋላም ያው ነው። መርዶ ሲመጣ ትርጉሙ ይገባሻል። አባቴ ሲያርፉ ሥርዓተ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም፤ እኛ አገር ቀብር ቀን እንደማይሰጥ ታውቂያለሽ። ልቅሶ ቤቱ ግን ሳይዘጋ ደርሻለሁ። አንዲት ቦርሳ ይዤ፣ በሁለት ከተማ አቆራርጬ፣ አንዱ ጋ ሌሊቱን ተቀምጬ። ያን ሳምንት ሙሉ ትኬት ለመግዛት አቅሙ አልነበረኝም።

ከዚያ ደግሞ ጥጋቡ አለ። የራስሽ አየር መንገድ ላይ ስትሆኚ ከፊት በኩል ካለው ክፍል ወንበር ከተረፈ ሊያስቀምጡሽ ይችላሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ ጊዜ ቢዝነስ ክላስ ስትገባ ወንበሩ ወደ አልጋ መቀየሩን አይታ ሌሊቱን አልተኛችም፤ «እንቅልፍ ከተኛሁማ ምን አየሁ?» ብላ። ልጆቼ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ሎዱን አይተን ባዶ ወደሆነው ከተማ መሄድ ለምደዋል። ሎስ አንጀለስ ሄደን ፌርፋክስ መንገድ ትንሿ ኢትዮጵያ ሰፈር ምሳ በልተን እሁድ ማታ ቤታችን ገብተናል። ዴንቨር ልንሄድ ተነስተን ሞልቶ ሲያትል የገባንበትም ጊዜ አለ። የት እንደምንሄድ ግድ ስለሌለን ነው የተመቸን።

የባለቤትሽ ወላጆችም ፓሱ ላይ ካሉ ተጠቀሙበት። የአሜሪካ የታክስ ሕግ ሠራተኛው፣ የትዳር ጓደኛው፣ ጥገኛ ልጆቹና ወላጆቹ ለሚበሩት ታክስ አያስከፍልም። ለጓደኛ የሚሰጠው በዲ ፓስ ግን እንደ ገቢ ተቆጥሮ ደሞዙ ላይ ታክስ ይመጣበታል። ያጎት ልጅ፣ የሰፈር ልጅ፣ የማኅበር ሰው «አንድ ፓስ ስጠን» ማለታቸው አይቀርም። መሸጥ ደግሞ ከሥራ ያስባርራል፤ ከአሁኑ ቁርጡን ይንገራቸው።

ለጥር እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ለአንቺና ለልጆቹ ትኬት አሁኑኑ ቁረጡ፤ ሻንጣውም በእናንተ ስም ይሂድ። ባለቤትሽ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አንድ ቦርሳ ይዞ ብቻውን በዜድ ይሞክር። ብቻውን ያለ ሰው ቀዳዳ አያጣም፤ የአንድ ሰው ትኬት ዋጋም ተረፈ ማለት ነው። ሲመለስ የሥራ ፈረቃውን የሚቀይርለት ጓደኛ ካሁኑ ያዘጋጅ። ምናልባት መንገድ ላይ ቢቀርም ሠርጉ የወንድምሽ ነው፤ ያለሱ ይደገሳል፣ ያላንቺ ግን እናትሽ አይምሩሽም።