የሞተሩን አሟሟት ጠይቁ

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በናፍጣ ሞተር ሥር ተንጋልዬ ስኖር ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ወጣት የለም፦ «ከድሮዎቹ ፒካፖች የማይበላሸው የማንኛው ሞተር ነው?» ጠያቂው የሚፈልገው ስም እንድጠራለት ነው። ስጠራለት ሮጦ ሄዶ ያንን ስም ይገዛል። ከስሙ ሥር ያለውን፣ ሦስት አራት ሰው የተፈራረቀበትን ሞተር ግን ገልጦ አላየውም።

እኔም በእናንተ ዕድሜ ሞተር የማወዳድረው በስምና በጉልበት ነበር። ዛሬ የማወዳድረው በአሟሟቱ ነው። የማይሞት ሞተር የለም። አንዱ ሁለት ሦስት ዓመት ያስላል፣ ያጨሳል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ጠዋት ለመነሳት ይለግማል፤ እያቃሰተም ቢሆን ግን ቤት ያደርሳል። ሌላው እስከ ትናንት ትንፍሽ ሳይል ቆይቶ ዛሬ ዳገት መሃል ቀጥ ይላል። አስፋልት በሌለበት የምትነዱ ከሆነ የሚበጃችሁ የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው እጥፍ ጉልበት ቢኖረው እንኳ።

ስለዚህ ከአንድ ሞተር ፊት ስቆም መጀመሪያ የምጠይቀው ካምሻፍቱን፣ ማለትም የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ምን እንደሚያዞረው ነው። ጥርስ ነው? ሰንሰለት? ወይስ ቺንጋ፣ ማለትም የጎማ ቀበቶ? የኒሳን ቲዲ27ና ታላቅ ወንድሙ ቲዲ42፣ የቶዮታ 3ቢና 2ኤች ካምሻፍታቸው ብሎኩ ውስጥ ተቀብሮ በጥርስ ይዞራል፤ ቫልቮቹንም በረጃጅም ዘንጎች ይገፋል። አሠራሩ የአያቶች ነው። ይጮኻል፣ ይከብዳል፣ ከፍ ያለ ዙር አይወድም። ቲዲ27 በ2,663 ሲሲው ሲሠራ ከሩቅ የሰማው ሰው ጠጠር የሚፈጭ ይመስለዋል። ግን ጥርስ እንደ ቺንጋ ድንገት አይበጠስም፤ ሲያረጅ ድምፁ ይለወጣል። ሞተሩን የለመደ ጆሮ ደግሞ ለውጡን ከብልሽቱ ቀድሞ ይሰማዋል።

የሃይሉክሶቹ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል፣ የላንድ ክሩዘር ፒካፑም 1ኤችዜድ፣ ስማቸው በጥንካሬ ቢነሳም ካምሻፍታቸውን የሚያዞረው ቺንጋ ነው። ይህን ስናገር የሚከራከሩኝ አሉ። ቺንጋ መሆኑ በራሱ ነውር የለውም፤ ብዙውን ጊዜ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፣ ጊዜው ሲደርስም በአንዳንዶቹ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ይበራል። ችግሩ መብራቷን ማጥፋት ቺንጋውን ከመቀየር እጅግ መቅለሉ ነው። በናፍጣ ሞተር ፒስተኑ ከላይ ያለውን የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይወጣል። ቺንጋው የተበጠሰ ዕለት ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። ሳል የለ፣ ጭስ የለ።

ይህን የተማርኩት በራሴ ገንዘብ ነው። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ ፒካፕ ገዛሁ። ሻጩ ቺንጋው ገና መቀየሩን በልጆቹ ማለልኝ። እኔ መካኒኩ፣ የሰው መኪና ሳይ አሥር ጊዜ የምጠራጠረው፣ የራሴን ክዳን ለመክፈት ጊዜ አጣሁ፤ መንገድ ነበረብኝ። በሦስተኛው ቀን ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ እየወጣሁ ሳለ ሞተሩ ጠፋ። ሁለት ቀን እዚያው ተቀመጥኩ። በኋላ ስከፍተው የታይሚንግ ቺንጋው፣ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ማለት ነው፣ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ሰውዬው ለካ አልዋሸኝም፤ የቀየረው ባትሪ የሚሞላውን የዲናሞውን ቺንጋ ኖሯል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእኔ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ «ቺንጋ ተቀይሯል» ሲሉኝ «የቱ?» እላለሁ፣ ክዳኑንም እከፍታለሁ።

የሚትሱቢሺ 4ዲ56 ደግሞ ሁለት ቺንጋ አለው፤ አንዱ ትልቁ የታይሚንጉ፣ ሌላው ንዝረት የሚያበርደውን ዘንግ የሚያዞር ትንሽ። ትንሿን ሰው ይረሳታል። ስትበጠስ ቁራጯ ትልቁ ሥር ይገባና እሱንም ይዛው ትሄዳለች። 2,477 ሲሲ ያለው፣ በብዙ ኤል200 ላይ የተገጠመ፣ ጥሩ የሚጎትት ሞተር ነው፤ ሁለቱን ቺንጋ አብሮ የሚቀይር ባለቤት ሲያገኝ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ከዚያው ቤት የወጣው 4ኤም40 በሰንሰለት ስለሚዞር ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ቺንጋውን ካለፍን ቀጣዩ ገዳይ ሙቀት ነው፤ ሰፋ አድርጌ የምነግራችሁም ስለ እሱ ነው። ከላይ የጠራኋቸው የድሮ ሞተሮች ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተን ላይ አይረጩም። ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ይረጩታል፣ እሳቱ እዚያ ይነሳና ወደ ፒስተኑ ይወጣል። በዚህም ምክንያት ሞተሩ የናፍጣ ጥራት ብዙም አይመርጥም፣ የናፍጣ መርጫው ኖዝልም ከ100 እስከ 150 ባር አካባቢ ባለ ግፊት ይረጫል። ዋጋውን የሚከፍለው ቴስታታው ነው፤ እሳቱን የሚሸከም እሱ ነውና። አየር በግፊት የሚያስገባው ተርቦ ሲጨመርበት ደግሞ ሸክሙ ይብሳል። ባለ ተርቦው 2ኤልቲ በቴስታታ መሰንጠቅ ስሙ የጠፋው ለዚህ ነው። ባለ 2,982 ሲሲው የቶዮታ 1ኬዜድም ውሃው ካልጎደለበት መልካም ሞተር ነው፤ አንድ ጊዜ በደንብ ከሞቀ ግን የአሉሚኒየም ቴስታታው በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል።

ተርቦ የሌላቸው 3ኤልና 5ኤል ያለ ተርቦ ስለሆኑ ነው የሚቆዩት። አንዱ 2,779፣ ሌላው 2,986 ሲሲ ነው፤ ሁለቱም ሰነፍ ናቸው፣ ዳገት ላይ ያለቅሳሉ። ስንፍናቸው ነው ዕድሜያቸው። ወጣት ግን ስንፍና አይወድም። 1ኤችዜድ የገዛ ልጅ በስድስተኛው ወር ተርቦ ላስገጥምለት ብሎ ይመጣል። 4,164 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ የብረት ቴስታታ፣ ሁሉም ነገር ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን ያ ሞተር የተሠራው ያለ ተርቦ እንዲተነፍስ ነው፤ አየሩን የሚያምቅበት መጠን፣ መጭመቂያው፣ 22 ለ1 ይደርሳል፣ ፒስተኖቹም ለተርቦ ግፊት አልተዘጋጁም። ናፍጣውን ከፍ አድርጎ ተርቦ የጫነበት ሰው ለአንድ ዓመት ጎረቤት ያስቀናል፤ ቀጥሎ ቴስታታ ያወርዳል። እምቢ ብዬ የመለስኳቸው ልጆች ሌላ ቤት ሄደው አስገጥመዋል፤ አንዳንዶቹ ተመልሰው መጥተዋል፣ በተጎታች።

ስለ ሙቀት መለኪያው አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሞተር የገደለ ነገር ነው። ያ መርፌ የሚያነበው የውሃውን ሙቀት ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ የሚያነበው ስለሌለው ይወርዳል። ሲወጣ የነበረ መርፌ ዳገት መሃል ድንገት ከወረደ «ተመስገን በረደ» አትበሉ፤ ወዲያው አጥፉት። ራዲያተሩንም ሞቆ እያለ አትክፈቱ፣ በትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ። በዝግታ፣ በትንሽ ማርሽ፣ በአሸዋና በድንጋይ ሲነዳ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም፤ ሁሉንም የሚሠራው ማራገቢያው ነው። የደከመ ማራገቢያ ከተማ ውስጥ አይታወቅም።

አይሱዙን ለብቻው ያቆየሁት ነገሩ ስለሚለይ ነው። 4ጄኤ1ና 4ጄቢ1 (2,499ና 2,771 ሲሲ) ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተን ላይ የሚረጩ ናቸው። ስለዚህ ያነሰ ናፍጣ ይጠጣሉ፣ ያነሰ ይሞቃሉ፣ በብርድም ቶሎ ይነሳሉ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፣ ቆመው ሲሠሩ መሪው እጅ ያደነዝዛል። ለሥራ ፒካፕ ከሁሉም የምመርጠው 4ጄቢ1ን ነው ብል የሃይሉክስ ወዳጆች ይቀየሙኛል፤ ይቀየሙኝ። ግን ተጠንቀቁ፤ በአንዳንዱ ዓይነት ታይሚንጉ በጥርስ ነው፣ በሌላው ቺንጋ አለበት። ከፊታችሁ ያለው የትኛው እንደሆነ አይታችሁ እንጂ ሰምታችሁ አትወስኑ።

ከዚያ በኋላ ስለመጡት ባጭሩ ልበል። የኒሳን ዜድዲ30 በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፒስተን በማቃጠል ይታወቃል። የሃይሉክስ 1ኬዲ ጉልበቱ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ኖዝሉ ሥር ያለው መዝጊያ ሲያፈስ ጥላሸቱ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ዘይት የሚስበውን ወንፊት ይደፍናል፤ ሞተሩም ዘይት አጥቶ ይቀልጣል። ሁለቱም በጥሩ እጅ ይኖራሉ። ከ1,000 ባር በላይ በሚሠራ የናፍጣ መስመር ላይ ውሃ የቀላቀለ ናፍጣ ሲገባ ግን ምሕረት የለም። የብዙዎቹ የድሮ ሞተሮች የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ እሱም ውሃ ይጎዳዋል፤ ቢሆንም ቀስ ብሎ ነው፣ እየነገራችሁ። ኤሌክትሪክ የሚፈልገውም ናፍጣውን ለሚከፍተው አንድ መዝጊያ ብቻ ነው። ያ መዝጊያ ሽቦው ተበጥሶበት የቆመ ፒካፕ ከባትሪው በተሳበ አንድ ሽቦ አስነስቼ 200 ኪሎ ሜትር ነድቼዋለሁ።

እንግዲህ ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ። መጀመሪያ እጃችሁን ብሎኩ ላይ አድርጉ፤ ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሟችሁ አስነስቶታል፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሲነሳ ነጭ ጭስ አውጥቶ ወዲያው ቢጠራ በብርድ ሲነሳ የሚያሞቀው ካንዴላ ይሆናል፤ ቀላል ነው። ሰማያዊ ሆኖ ከቀጠለ ዘይት እየጠጣ ነው። የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ በቦታው ላይ ገልብጡት፤ ከሥር የሚመጣው ትንፋሽ ካዘለለው የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ አልቋል። የራዲያተሩን ጎማ ሞተሩ እንደተነሳ፣ ገና ሳይሞቅ ጨበጥ አድርጉት፤ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ የሲሊንደሩ ግፊት ውሃው ውስጥ እየገባ ነው፤ የቴስታታው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑ ወይም ራሱ ቴስታታው ተጎድቷል። የመጭመቂያ ልኬት የሚፈቅድላችሁ ሻጭ ካገኛችሁ እሰየው፤ ከቁጥሩ መጠን ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። 5 ባር ከተራራቁ ድርድሩን ተዉት።

የአየር ፊልትሮውን ቤት ስትከፍቱ ከፊልትሮው ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ጎማ ውስጥ ጣታችሁን አስገብታችሁ ጥረጉ። አቧራ ከያዘ ቁጥሩ ምንም ቢሆን፣ ስሙ ምንም ቢሆን ተዉት። አቧራ የበላ ሞተር ፋሻውና ሲሊንደሩ እንደ ሞረድ ተፋጭተው አልቀዋል። ሻጮች ሞተር ያጥባሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ዘይት ይቀይራሉ፤ ያንን ጎማ ውስጡን የጠረገ ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ ራሴ ዛሬም የምነዳው ቲዲ27 ነው። ማንም ወጣት ይቀድመኛል፣ ዳገት ላይ ጭነት ይዤ ስወጣ ከኋላዬ ያሉት ጥሩምባ ይነፋሉ። ካለፈው ወር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ደቂቃ ያህል ነጭ ጭስ ያወጣል፣ አንዱ ሲሊንደርም ዘግይቶ ነው የሚገባው። ቅዳሜ አራቱንም ካንዴላ አውጥቼ በባትሪ እሞክራቸዋለሁ።