ተከራይም ብትሆኑ ተመዝገቡ

የእህቴ ልጅ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተከራይታ ትኖራለች። በቀደም ቡና ልትጠጣ መጥታ «ጋሼ፣ የብሎካችን ሰዎች ዕድር ግቢ እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ምን አስቸኮለኝና ነው ለመሞት የምመዘገበው?» አለችኝ። ሳቅን። እሷ ከሄደች በኋላ ግን አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ፤ ሌሊቱንም ከዓይኔ አልጠፋ አሉ። ይህን ጥያቄ የምትጠይቁ ወጣቶች ብዙ ናችሁ። ለእሷ ብቻ ከምነግራት ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

አርባ ምናምን ዓመት ይሆነዋል። ጉለሌ ተወልጄ ያደግሁ የከተማ ልጅ፣ አዲስ የተመረቅሁ ጤና ረዳት ሆኜ ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ወረኢሉ አውራጃ ተመደብኩ። ክሊኒክ የተባለው ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። መርፌ የምንቀቅልበት ድስት፣ ፔኒሲሊንና ክሎሮኪን አለ፤ ከዚያ ወዲያ የእግዜር ነው። መኪና ወደሚያልፍበት መንገድ ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግር ይኬዳል።

አንድ ምሽት ምጥ የጠናባት ሴት አለች ብለው ወሰዱኝ። ሁለት ቀን አምጣለች። ሳያት ልጁ አግድም ተኝቷል፤ እኔ የማደርገው ነገር የለም። «ደሴ መድረስ አለባት» አልኩ። በልቤ እንዴት ተብሎ እያልኩ ነበር። ሰዎቹ ግን እንዴት የሚል ጥያቄ አላነሡም። አንድ ጎረምሳ ጉብታው ላይ ወጥቶ ተጣራ፤ ከወዲያ ማዶ ሌላው ተቀብሎ ተጣራ። ብዙም ሳይቆይ ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ የያዙ ወደ ሃያ የሚጠጉ ወንዶች ደጁን ሞሉት።

በወሎ ዕድሩ ቅሬ ይባላል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። ቅሬው ሬሳ ብቻ አያነሣም፤ በሽተኛም ይሸከማል። ቃሬዛው፣ ያ ሁለት ረጅም እንጨት ላይ በጠፍር የተጠለፈው፣ የቅሬው ንብረት ነው። የዚያን ቀበሌ ቅሬ የሚዳኙት ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። ያችን ሌሊት ፋኖሱን ከፍ አድርገው ሰዉን አንድ በአንድ እያዩ አራት አራት አድርገው መደቡት። ከመጀመሪያዎቹ አራት መካከል ሁለቱ በእርሻ ድንበር ተጣልተው የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ፊት የሚካሰሱ ሰዎች መሆናቸውን አውቅ ነበር፤ አንደኛውን በዱላ የተመታ ጭንቅላቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጠጋ ብዬ «አባ፣ እነዚህ እኮ አይነጋገሩም» አልኳቸው።

«እኔ የማየው ቁመት ነው» አሉኝ። «ቁመታቸው ካልተካከለ ልጅቷ ትንሸራተታለች።»

ሁለቱ ጠበኞች ጎን ለጎን ሆነው ያን ሁሉ ዳገት ወጡ። ታረቁ ብዬ ተረት አልነግራችሁም፤ በማግስቱም ክሳቸው ቀጥሏል። ሴቶቹ እስከ ወንዙ ሸኙን። «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፤ ሙስሊሞቹም ክርስቲያኖቹም፤ በዚያ አገር ምጥ ላይ ሁሉም የሚጠራት እሷን ነው። ተሸካሚ ሲደክም ሳይቆሙ፣ ቃሬዛው ሳይወዛወዝ ትከሻ ይቀያየራሉ። እኔ የጫንኩት የመድኃኒት ቦርሳ ብቻ ሆኖ ሳለ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ።

አንድ ነገር ግን አልሸፍንም። ከተሸካሚዎቹ መካከል ሳይጠራ የመጣ የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ሰው ነበር። ተራው ሲደርስ ተሸከመ፤ ከማንም በላይ ጠንካራ ነበር። ለማረፍ ተቀምጠን ቆሎ ሲታደል ግን ለብቻው ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ፤ ና ያለው ሰው አልነበረም። ዳኛውም አልጠሩትም። የገጠር ኅብረት ሲነሣ ማሩን ብቻ የሚያወሩ ሰዎችን የማላምናቸው ለዚህ ነው። ቅሬ ቀልድ አያውቅም። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ቤቱ ሐዘን ቢገባ የሚደርስለት የለም። ከዚያች ሌሊት ተሸካሚዎች ግማሹ ቅጣቱን ፈርቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይምጣ! ቃሬዛው ላይ ለተኛችው ሴት ምን ለውጥ አለው?

ሲነጋ መንገዱ ላይ ደረስን። ቆዳ የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና አስቆምን፤ ሾፌሩ ረዳቱን ወደ ኋላ አስወጥቶ ቦታ ለቀቀልን። እናትየው ደሴ ደርሳ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም።

ከዚያ 1977 መጣ። ስለ ረሃቡ እዚህ አልጽፍም። ያን ጊዜ ግን ቃሬዛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚያነሣው ጉልበት የጠፋበትን ቀን አይቻለሁ። በሰፈራ ወደ ምዕራብ ከተጫኑት መካከል የማውቃቸው ነበሩ፤ እዚያም ሄደው ቅሬያቸውን እንደ አዲስ እንዳቋቋሙ ከዓመታት በኋላ ሰማሁ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ። ሲሸኙኝ ዳኛው «አዲስ አበባ ብንመጣ የት ብለን እንጠይቅ?» አሉኝ። «ጉለሌ» አልኩ። በሳቸው አገር ይህ በቂ ነው፤ የሰው ስምና መንደሩን ከያዝክ እረኛ ሳይቀር ደጁ ድረስ ያደርስሃል።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ዳኛው ታመው፣ ከደሴ ለተሻለ ሕክምና ተብለው አዲስ አበባ መጡ። ልጃቸው መርካቶ ጭነት እያወረደ አማኑኤል አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሞባይል የለም፤ የቤት ስልክም የጥቂቶች ነው። ልጁ ጉለሌ ወጥቶ ስሜን ይዞ ሲጠይቅ ከረመ። እኔ ያን ጊዜ ቤት ቀይሬ፣ ከተማው ሌላ ጫፍ ካለ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። በአንበሳ አውቶቡስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ሳንገናኝ ሞቱ።

ይህን የሰማሁት ቆይቶ፣ ወረኢሉ ለሥራ ሄጄ ቤታቸውን ልጠይቅ ስል ነው። «አዲስ አበባ ቀሩ» አሉኝ። ያን ሁሉ ሰው የሸኙ ሰው በማያውቁት ከተማ ማን አነሣቸው የሚለው አንገበገበኝና ስመለስ ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። እሱም ወደ አከራዩ ወሰደኝ።

ወይዘሮዋ ጉልት የሚነግዱ፣ ባለ ነጠላ፣ ተናጋሪ ሴት ናቸው። እንደነገሩኝ ሽማግሌው እንዳረፉ ወደ ዕድሩ ሄዱ። ጸሐፊው መዝገብ ገልጦ «ሟች በእርስዎ ቤተሰብ ዝርዝር የሉም፤ ልጁም ተከራይ ነው፣ አባል አይደለም» አላቸው። ደንቡን ተከትሏል፤ አልፈርድበትም። እሳቸው ግን «ከግቢዬ የሚወጣ ሬሳ የእኔ ሬሳ ነው፤ ከፈለጋችሁ እኔን ሰርዙኝ» ብለው ድንኳኑን ራሳቸው ሊጎትቱ ተነሡ። ጡሩንባው ተነፋ። የዕድሩ ሙስሊም አባላት አጥበው ገነዙ፣ ሰዉ ሁሉ ኮልፌ ድረስ ሸኘ። ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለው፣ ዳቦ ጋግረው፣ ሦስት ቀን ከልጁ ጋር ተቀመጡ፤ «አፈር ስሆን፣ ቅመስ» እያሉ። ስለ አባቱ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ከወሎ መምጣታቸውን ብቻ ነው።

አመስግኜ ልነሣ ስል «አንተስ የየት ዕድር ነህ?» አሉኝ። የመሥሪያ ቤት ዕድር እንዳለኝ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «ጡረታ ስትወጣ እሱም አብሮ ይወጣል» አሉኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህን ንግግራቸውን ሳላስታውስ የዋልኩበት ሳምንት ጥቂት ነው።

እንግዲህ ወደ እናንተ። ዕድር ለመሞት ብቻ ነው ወይ ለሚለው እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ አዲስ አበባን ሲያራቁት ዕድሮች በየሳምንቱ ድንኳን መትከል አቃታቸው፤ ገንዘባቸው አለቀ። ያኔ ነው ብዙዎቹ ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያለውን በሽተኛ መጠየቅ፣ ማስታመም፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ማገዝ የጀመሩት። በየቤቱ ስዞር አብረውኝ የሚዞሩት እናቶች የዕድር እናቶች ነበሩ። ዘመድ በሩን የዘጋበትን ልጅ ገላ ሲያጥቡ አይቻለሁ።

«እኔ መጤ ነኝ፣ የሰፈሩ ሰው አይደለሁም» የሚል ምክንያት ትሰጣላችሁ። ዕድር ራሱ የመጤ ሥራ ነው። አሁን በምናውቀው መልኩ የገነነው ባለፉት መቶ ዓመታት፣ በተለይም ከጣልያን ወረራ ወዲህ፣ ከየገጠሩ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ዘመድ ያጣው ሰው ማን ይቀብረኛል ብሎ ከማያውቀው ጎረቤት ጋር ስለተዋዋለ ነው። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር ተከራይ ከማንም በላይ የዕድር ሰው ናት።

ስለ እናንተ ትውልድ የማዝንበትን ልናገርና ይውጣልኝ። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ጆሯችሁ ተደፍኗል፤ እንደምን አደራችሁ ብል የሚሰማኝ የለም። በአንድ ብሎክ እየኖራችሁ ስለ ውሃ በቴሌግራም ትጨቃጨቃላችሁ። ስልኩ ጉርብትናን ገደለ እያልኩ ለብዙዎች ሰብኬያለሁ። ባለፈው ደግሞ በእህቴ ልጅ ብሎክ አንዲት ወላድ ደም ፈስሷት በዚያው ቴሌግራም ቀን ሳይመሽ ደም ሰጪ ተሰልፎ ተገኘ፤ ገሚሱ ያቺን ሴት አይቷት አያውቅም። ለኩላሊት ሕመምተኛ በባንክ ቁጥር ገንዘብ ስታሰባስቡም አያለሁ። ስለዚህ ስለ ስልኩ ያልኩትን እንዴት እንደማደርገው እንጃ። ያም ሆኖ ሰላምታውን አልተውላችሁም።

ጥፋቱ የእናንተ ብቻም አይደለም። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት ታስቦላቸው ነበር። እኔ ካየኋቸው አንዳንዶቹ ዛሬ ሱቅና መጋዘን ናቸው። ከልደታና ከካዛንቺስ የተነሡ አሮጊቶች ሁለት ታክሲ ቀይረው ለድሮ ዕድራቸው ስብሰባ እሑድ እሑድ ሲመጡ አያለሁ። ሰዎቹ ተበትነው ዕድሩ አልተበተነም።

ከገጠር የመጣችሁ ደግሞ አገር ቤታችሁን እንዴት እንደምትይዙ ከጉራጌዎች ተማሩ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚነግደው ጉራጌ ገንዘቡን አዋጥቶ ወደ ትውልድ አገሩ መንገድ ማስወጣት ጀመረ። ዛሬም መስቀል ሲደርስ፣ ሙስሊሙም ለአረፋ፣ መርካቶ ጭር እስኪል አገሩ ይገባል። አገር ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ የምትሄዱበት ቤት ይታወቅ፤ እናንተ በሌላችሁበት የሞተባቸው ሰዎች ቤት ነው። ዘግይቶም ቢሆን ለቅሶ ይደረሳል። ፎቶና ጠላው ከዚያ በኋላ ይድረስ። ስትመለሱም «አዲስ አበባ ነኝ» ብቻ አትበሉ፤ የስልክ ቁጥራችሁን ስትቀይሩ ለእናታችሁ ብቻ ሳይሆን ለአንድ የቅሬ ወይም የዕድር ሰው ንገሩ።

ዕድር ስትገቡ የመግቢያ ገንዘቡ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ተገምቶ የአዲስ አባል ድርሻ ስለሚታሰብ ነው። በየወሩ ከፋፍላችሁ እንድትከፍሉ ጠይቁ፤ አብዛኛዎቹ እሺ ይላሉ። ሴቶች የሴቶችን ዕድር ሞክሩ፣ መዋጮው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ነው። ኮምፒውተር የምትችሉ ከሆነ መዝገቡን ልገልብጥላችሁ በሏቸው፤ ጸሐፊው ከእጁ አይለቃችሁም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን መተዳደሪያ ደንቡን አንብቡ። ተከራይን የሚመለከት አንቀጽ ከሌለው በጠቅላላ ጉባኤው ላይ እጅ አውጥታችሁ ይጨመር በሉ። የሚቃወም ጸሐፊ አይጠፋም፤ የሚደግፋችሁ አከራይም እንደዚያው።