ከሞተር ሳይክሉ በፊት ደብተሩን ጠይቅ

ከላስ ቬጋስ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«ጋሼ፣ ዕድሜውን በሞተር ሳይክል ውድድር የጨረሰ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ እዚህ አርፏል። ልጆቹ ሠላሳ የሚሆኑ ሞተር ሳይክሎቹን ለጨረታ አውጥተዋል። ዓይኔ ያረፈው ሦስቱ ላይ ነው፤ የ1974 ያማሃ ቲዜድ 350፣ ቢኤስኤ ጎልድ ስታር እና ለውድድር የተቀየረ ሆንዳ ሲቢ 350። ያለኝ 12,000 ዶላር ነው። በዋዜማው ቀርቦ ማየት ይቻላል፤ ማስነሳት ግን ክልክል ነው። ሳይነሳ ደህንነቱን በምን ልወቅ? እሁድ እሁድ መንዳትም እፈልጋለሁ።»

ወንድሜ፣ ማስነሳት መከልከላቸው የሚጠቅመው አንተን ነው። ከልቤ ነው የምልህ። እኔ አንዴ እንዲህ ካለ ጨረታ «በቅርቡ ተነስቷል» የተባለ የውድድር ቱ ስትሮክ (በሁለት ምት የሚሠራ ሞተር ያለው) ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ቤት ወስጄ ገፍቼ አስነሳሁት። ድምፁ ልብ ይሰርቃል። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ፒስተን ተበሳ። የገዛሁበትን ግማሽ ያህል ለጥገና አወጣሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በቱ ስትሮክ ሞተር ቤንዚንና አየሩ መጀመሪያ የሚገባው ክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። ያንን ክፍል የሚዘጉት የጎማ ሲሎች ናቸው። ሞተሩ ዓመታት ሲቆም ጎማው ይደርቃል። ከውጭ ሲታይ ምንም የለበትም። ሲነሳ ግን በደረቀው ሲል በኩል ትርፍ አየር ይገባል፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፤ ሙቀቱ ከልክ ያልፋል፤ ፒስተኑ ይቀልጣል። ቲዜዱም ቱ ስትሮክ ነው፤ ስለዚህ እሱን የምትገዛ ከሆነ የክራንክሻፍቱን ሙሉ ጥገና ከዋጋው ጋር ደምረህ ግባ። «ምናልባት ደህና ይሆናል» ብለህ አታስላ።

ሁለተኛው ጣጣ ዘይቱ ነው። የዚያ ዘመን ተወዳዳሪዎች የጉሎ ዘይት ይወዱ ነበር። አዎ፣ ያው የኛው ጉሎ። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጉሎ ወይም በጎመን ዘር ሲያሟሹ አይተህ ከሆነ ነገሩ ወዲያው ይገባሃል። ዘይቱ በሙቀት ምጣዱ ላይ ተጋግሮ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ልባስ ይሠራል። ለእንጀራ ግሩም ነው። ፒስተኑን በሚከበው ቀለበት፣ በፋሻው ላይ ግን ያው ልባስ ሙጫ ይሆናል። ፋሻው ጎድጓዳው ውስጥ ይጣበቅና መላወስ ያቅተዋል። አልኮል ሲነከር ይለሰልሳል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ሌላም ልብ በል፤ የጉሎ ዘይት ከተራ የሞተር ዘይት ጋር አይስማማም። ቀድሞ በየትኛው ይሠራ እንደነበር ሳታውቅ አዲስ ዘይት እንዳትጨምር።

እንግዲህ በዋዜማው ስትሄድ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወት፣ ጓንት እና ከስልክ ጋር የሚሠራ ቀጭን ካሜራ ያዝ። ካሜራዋ ርካሽ ናት። ካንዴላውን ለመፍታት አስፈቅድ። ከፈቀዱልህ የመጨረሻውን ማርሽ አስገባና የኋላውን ጎማ በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙር። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ይሰማሃል። ከተጣበቀ አታስገድደው፤ ዋጋውን ቀንስና እለፍ። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ሲሊንደሩን በካሜራ እይ። የቲዜዱ ሲሊንደር ውስጡ በክሮም የተለበጠ ነው። ክሮሙ ከተላጠ እንደ ተራ ሲሊንደር ቦርተህ (ውስጡን አስፍተህ) ትልቅ ፒስተን አትከትበትም። እንደገና በልዩ ሙያ መለበጥ አለበት። ይሄ ገንዘብ ነው።

ሻንሲው ላይ መሪው የሚያያዝበትንና የኋላው ክንድ የሚታሰርበትን ብየዳ በባትሪ መርምር። እኔ ከዝገት ይልቅ የሚያስፈራኝ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተቀባ አዲስ ቀለም ነው። ቸርኬው ማግኒዚየም ከሆነ ነጭ ዱቄትና የፀጉር ያህል ስንጥቅ ፈልግ። እንዲህ ያለ ቸርኬ ለጌጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ አይነዳም። ቡሎኖቹንም እይ። እውነተኛ የውድድር ሞተር ሳይክል የዘይት መክፈቻ ቡሎኑ በቀጭኑ ተበስቶ በሽቦ ይታሰራል። «ብዙ ተወዳድሯል» እየተባለ አንድም የተበሳ ቡሎን ከሌለው እኔ አላምንም።

ከሁሉ የማይዋሽ ምስክር ጎማው ነው። ጎኑ ላይ ካለው ረጅም ኮድ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብብ። 2309 ካለ በ2009 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት ነው። ሰውየው ለዚያ ሞተር ሳይክል መጨረሻ ያሰበለት መቼ እንደሆነ እዚያ ላይ ታገኘዋለህ። በእርግጥ በዚያ ጎማ እንዳትነዳ።

ጎልድ ስታሩ ሌላ ታሪክ ነው። ስሙ ውድ ስለሆነ ከተራ ቢኤስኤ ተገጣጥሞ የሚሸጥ ብዙ አለ። የታወቀው የመጨረሻው ባለ 500 ሞዴል የሞተሩ ቁጥር ዲቢዲ 34 ጂኤስ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ የሻንሲው ደግሞ ሲቢ 32። ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ አይመሳሰሉም፤ ያ ችግር አይደለም። ከፋብሪካው አብረው መውጣታቸውን የሚነግርህ የመላኪያ መዝገቡ ነው። እሱ ደግሞ እንግሊዝ አገር ባሉ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ክለቦች እጅ አለ። ከጨረታው በፊት ቁጥሮቹን ላክና ጠይቅ። በስተቀኝ የሻንሲውን የታችኛውን ቱቦም ዳስስ። የዘይት ፓምፑን ለማለፍ ጎብጦ መሠራት አለበት። ቀጥ ካለ የዚያ ሞዴል ሻንሲ አይደለም።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። በ2018 ጥር እዚያው አንተ ከተማ አንድ የ1951 ቪንሰንት ብላክ ላይትኒንግ በ929,000 ዶላር ተሸጧል። አውስትራሊያ ውስጥ የፍጥነት ሪከርድ የሰበረ ሞተር ሳይክል ነው። እሱን ያን ያህል ያስወጣው ብረቱ ብቻ አይደለም። ማን እንደነዳው፣ የት እንደዋለ በማስረጃ ይታወቃል። ያንተ ሽማግሌ ዝነኛ ባይሆንም ጉዳዩ ያው ነው። ተወዳዳሪ ሰው ደብተር አለው። የትኛው ጂግለር (ካርቦራቶር ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው) ለየትኛው ሜዳ፣ ክራንክሻፍቱ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ፒስተን መቼ እንደተቀየረ ይጽፋል። ልጆቹ ይህን የቆሸሸ ወረቀት ብለው ሊጥሉት ይችላሉ። መጀመሪያ ሐዘናቸውን ተካፈል፤ ከዚያ «አባታችሁ የሚጽፉበት ደብተር ነበራቸው ወይ?» ብለህ በትህትና ጠይቅ። ደብተር ያለው ሆንዳ ደብተር ከሌለው ቲዜድ ይሻለኛል።

የገንዘቡን ነገር እንዳትሞኝ። መዶሻው ሲወርድ የምትሰማው ዋጋ የምትከፍለው ዋጋ አይደለም። አጫራቹ ከገዢው ከመቶ 10፣ 15 አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጨምራል። ግብርም ይከተላል። የጨረታውን ደንብ አንብብ፤ «ባለበት ሁኔታ» የሚል ቃል አለበት፣ መመለስ የለም ማለት ነው። ታይትሉንም ጠይቅ፣ የኛን ሊብሬ ማለቴ ነው። ቲዜድ መብራት የለው፣ ለመንገድ አልተሠራ፤ ብዙውን ጊዜ ታይትል ኖሮት አያውቅም። የሽያጭ ወረቀት ብቻ ነው የምታገኘው። ከ1981 በፊት የተሠሩት ላይ ደግሞ ባለ 17 ፊደል ቁጥር አትጠብቅ።

የኔ ምክር? ቲዜዱን ተወው። ደህናውን በ12,000 አታገኘውም፤ ካገኘኸውም ለጥገናው የሚተርፍህ የለም። እሁድ ጠዋት ብድግ ብለህ የምትነዳውም ዓይነት አይደለም። ጎልድ ስታሩ ዋጋው ይሰቀልብሃል። ሆንዳውን ያዝ። ሲቢ 350 በአሜሪካ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ውድድር ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሮጥ ነው፤ ዕቃውም በቀላሉ ይገኛል። ታይትሉ ካለ መብራትና ቻርጅ ማድረጊያውን መልሰህ መንገድ ላይ ማውጣት ይቻላል። ገዝተህ ስትወስደው በስተቀኝ ያለውን የዘይት ማጣሪያ ክፈት። እንደ ስኒ የሚሽከረከር ነገር ነው፤ ጭቃው ውስጡ ይቀራል። የብረት ብናኝ ካየህ ሞተሩን ሳታስነሳ ፍታው። የካምሻፍቱን ካቴናም አብረህ ለውጥ። ለሆንዳው እጅህን እስከ 7,000 ብቻ አንሳ፤ ከኮሚሽኑና ከግብሩ በኋላ ለጎማ፣ ለፍሬን እና ለካርቦራቶር የሚበቃህ ይቀራል።

እና አንድ ነገር። ሠላሳ ሞተር ሳይክል ተደርድሮ ስታይ ዓይንህ አዋጅ ይሆንብሃል፤ ሰዉም ሁሉ እነሱን ነው የሚያየው። አንተ ጥግ ላይ የተቆለሉትን ሣጥኖች ክፈት። ጨረታው ወደ ማብቂያው ሲሆን፣ ግማሹ ሰው ሄዶ ሳለ፣ «የተለያየ ዕቃ» ተብለው ባንድ ላይ ይሸጣሉ። ፒስተን፣ ማርሽ፣ ጂግለር፣ ሲሊንደር እዚያ ውስጥ ይኖራል። የቲዜድ ክራንክሻፍት ካገኘህበት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ገዢ አላጣለትም።